አንድ መዝገብ፣ ብዙ እጆች
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ የሚያነሡትም አንድ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰዎች በየኮምፒዩተራቸው ተቀምጠው አንድን ሥራ በጋራ የሚሠሩበት ሶፍትዌር እንዴት ይዘጋጃል? ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግስ፣ ማለትም ፕሮግራምን የየራሳቸውን መረጃና ሥራ ከያዙ ክፍሎች (ኦብጀክቶች) የመገንባት ዘዴ፣ በዚህ ውስጥ ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መጋዘን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ዋናው መጋዘን ደብረ ብርሃን ሲሆን በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ ቅርንጫፎች አሉ። ሁለት ሠራተኞች የአንድን ዕቃ ቀሪ በአንድ ጊዜ ሲያስተካክሉ የአንዱ ሥራ ይጠፋል። ከጓደኞቼ አንዱ «ሁሉንም በክላስ (ኦብጀክቶች በሚወጡበት ንድፍ) ሠርተነው ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ኮድ ከማሳመር ያለፈ ጥቅም የለውም ባይ ነው። የትኛው ልክ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ክርክሩን ከመዳኘታችን በፊት ጥፋቱ የት ላይ እንደሚደርስ እንይ። በመዝገቡ 400 ኩንታል ዩሪያ አለ እንበል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ገጹን ከፍቶ 400 የሚለውን ያነባል፤ በዚያው ደቂቃ የሂሳብ ክፍል ባልደረባውም ያንኑ ገጽ ከፍታ 400 ታነባለች። እርሱ ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር 60 ኩንታል ወጪ አድርጎ ቀሪውን 340 ብሎ ያስቀምጣል፤ እርሷ ደግሞ ቀደም ሲል ሳይመዘገብ የቆየ የ25 ኩንታል ወጪ ቀንሳ 375 ብላ ታስቀምጣለች። የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ስለሚሽር መዝገቡ 375 ይላል፤ በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን 315 ነው። የ60 ኩንታሉ ወጪ ከመዝገብ ጠፍቷል፤ ከሁለቱ ሠራተኞች አንዳቸውም ግን ያጠፉት ነገር የለም፣ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም።

ጉዳዩ የመጣው ፕሮግራማችሁ ከሠራተኞቹ የሚቀበለው የሠሩትን ሥራ ሳይሆን የሥራውን ውጤት ስለሆነ ነው። «ቀሪውን 340 አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ምን እንደተደረገ አይናገርም፤ «60 ኩንታል ለዚህ ማኅበር ወጪ አድርግ» የሚለው ግን ይናገራል። ሁለቱም ሠራተኞች ድርጊታቸውን ልከው ቢሆን ኖሮ፣ የማንም ቀድሞ ይድረስ፣ ከ400 ላይ 60ና 25 ተቀንሶ 315 ይቀር ነበር። ኦብጀክት ተኮር አስተሳሰብ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ኦብጀክት ማለት መረጃውን በራሱ ውስጥ የሚይዝ፣ ማንም ከውጭ ገብቶ መረጃውን እንዲነካበት የማይፈቅድ፣ መልእክት ሲደርሰው ግን ሊፈጸም የሚገባው መሆን አለመሆኑን ራሱ አጣርቶ የሚፈጽም የፕሮግራም ክፍል ነው። የዩሪያው መዝገብ በዚህ መንገድ ከተሠራ «ገቢ አድርግ»፣ «ወጪ አድርግ»፣ «በቆጠራ አስተካክል» የሚሉትን መልእክቶች ብቻ ይቀበላል፤ «ቀሪህን 340 አድርግ» የሚለውን ግን ከነጭራሹ አያውቀውም።

ስለዚህ ሁለተኛው ጓደኛዎ ነገሩን አቃልለውታል። የመጀመሪያው ደግሞ ክላስ መጻፍ ብቻውን ይህን ሁሉ ያመጣል ብለው ማሰባቸው ልክ አይደለም፤ ቀሪውን የሚያሳይ አንድ ሜተድ (ኦብጀክቱ መልእክት ሲደርሰው የሚፈጽመው የኮድ ክፍል)፣ ቀሪውን የሚቀይር ሌላ ሜተድ ያለው ክላስ ቢጽፉ ስሙ ክላስ ይሁን እንጂ ነገሩ ያው የድሮው ሠንጠረዥ ነው፤ 60 ኩንታሉም እንደ ቀድሞው ይጠፋል። ለዚህ ስሕተት የማስተማሪያው ልማድ የራሱ ድርሻ ያለው ይመስለናል። እንስሳ የሚባል ክላስ ተጽፎ ውሻና ድመት እንዲወርሱት፣ ማለትም በእርሱ የተጻፈውን ኮድ እንዳለ እንዲወስዱ፣ የሚደረግበት የተለመደ ምሳሌ ተማሪውን የኦብጀክት ቁም ነገር ውርስ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። ለጋራ ሥራ የውርስ ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው፤ ለደብረ ሲና አንድ ክላስ፣ ለመሐል ሜዳ ሌላ ክላስ እያላችሁ ማውረስ ከጀመራችሁ ቅርንጫፍ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ኮድ ስትጽፉ ልትኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ስሞልቶክ የተባለውን ቋንቋ ከባልደረቦቹ ጋር የፈጠረው፣ «ኦብጀክት ተኮር» የሚለውንም ስያሜ ያወጣው አለን ኬይ ራሱ በ1998 በጻፈው መልእክት ትልቁ ሐሳብ በኦብጀክቶች መካከል የሚተላለፈው መልእክት መሆኑን፣ ሰዎች ግን ከእርሱ ይልቅ በኦብጀክቶቹ ላይ ማተኮራቸውን አሳስቧል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በኦብጀክት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በመጀመሪያ መልእክቶቹ ለአንድ መዝገብ ተራ በተራ እንዲደርሱት ማድረግ አለባችሁ፤ ሁለት መልእክት እኩል ገብቶ በውስጡ ከተፈጸመ፣ ኦብጀክት ሆነም አልሆነ፣ ያው የ400ውና የ375ቱ ታሪክ በኮዱ ውስጥ ይደገማል። ቀጥሎ፣ የተፈጸሙትን መልእክቶች አትጣሏቸው። የመጋዘን ሰዎች የሚያውቁት የወረቀት ስቶክ ካርድ በዚህ በኩል ከእናንተ ሠንጠረዥ የተሻለ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ገቢውን፣ ወጪውንና ቀሪውን ይይዛል፣ የተሳሳተ መስመርም አይፋቅም፣ ሌላ መስመር ተጽፎ ይስተካከላል እንጂ። እናንተም መልእክቶቹን በቅደም ተከተል ብታስቀምጡ ቀሪውን በማንኛውም ጊዜ ከመልእክቶቹ ደምሮ ማግኘት ይቻላል፤ ኦዲተር ሲመጣም ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደረሰኝ እንዳወጣ ይታያል።

መስመር የሚቋረጥበት አካባቢ ስለሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። የሸዋ ሮቢቱ ሠራተኛ «60 አውጣ» ብሎ ይልካል፤ ሰርቨሩ (መዝገቡ ያለበት ዋናው ኮምፒዩተር) ተቀብሎ ይፈጽማል፤ «ተፈጽሟል» የሚለው መልስ ግን ሳይመለስ ኔትወርክ ይጠፋል። ሠራተኛው ያልደረሰ መስሎት ድጋሚ ይልካል፤ 120 ኩንታል ይወጣል። መፍትሔው እያንዳንዱ መልእክት የማይደገም ቁጥር እንዲይዝ ማድረግና መዝገቡ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ «ይህን ፈጽሜዋለሁ» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ቁጥሩን ለመፈልሰፍ አትድከሙ፤ በታተመው የወጪ ደረሰኝ ላይ ተከታታይ ቁጥር አለ። የኮምፒዩተሮቹን ሰዓት ግን ለቅደም ተከተል አትመኑት፤ የውስጥ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒዩተር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ይነሣል።

ቅርንጫፎቹ ያለ ኔትወርክም እንዲሠሩ ከፈለጋችሁ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። መቀነስ ቅደም ተከተል አይፈልግም ብለናል፤ «ቀሪው ከዜሮ በታች አይውረድ» የሚለው ደንብ ግን ይፈልጋል። 50 ኩንታል ብቻ ቀርቶ ሳለ በአንዱ ቅርንጫፍ 40፣ በሌላው 30 ለመስጠት ቃል ቢገባ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ካልተነጋገሩ፣ እያንዳንዳቸው በቂ ያለ ይመስላቸዋል። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ድርሻን አስቀድሞ ማከፋፈል ነው፤ ከ50ው ለአንዱ 30፣ ለሌላው 20 በኃላፊነት ተሰጥቶ እያንዳንዱ ከድርሻው ብቻ እንዲያወጣ፣ ድርሻ ያነሰውም መስመር ሲመለስ ከሌላው እንዲጠይቅ ይደረጋል። ከሰሜን ሸዋ መንገድና መስመር ጋር የሚስማማው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ዋጋ መቀየርን የመሰለ፣ የኋለኛው የፊተኛውን የሚሽርበት ድርጊት ግን በዚህ መንገድ አይሆንም፤ እርሱ ለአንድ ቦታ፣ ለዋናው ቢሮ፣ ብቻ ይፈቀድ።

ገጹን የከፈተ ሰው እስኪዘጋው ሌላው እንዳይነካው መቆለፍም ይቻላል፤ ብዙ ጀማሪዎችም የሚመርጡት እርሱን ነው። ሆኖም ሠራተኛው ገጹን ከፍቶ ምሳ ሲወጣ ወይም መብራት ሲጠፋበት መዝገቡ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ማዳበሪያ ሊወስድ ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው ገበሬ ደግሞ በር ላይ ነው። ቁልፍ መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚከፈት ይሁን።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህር ነኝ። ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ለጋራ ሥራ ተብሎ የተፈጠረ ነው ወይስ በኋላ የተገናኙ ናቸው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ በኋላ የተገናኙ ናቸው። ኦብጀክትና ክላስ በመጀመሪያ የታዩት ሁለቱ ኖርዌያውያን፣ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ፣ በኦስሎ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል በሠሩት ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋ ነው። ዓላማቸው እንደ ወረፋና እንደ ትራንስፖርት ያለውን የገሃዱን ዓለም ሥራ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማጥናት ነበር። በዚያው ዘመን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ በተሰበሰበ ጉባኤ ፊት ቆሞ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ሌላ ከተማ ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር በድምፅና በምስል እየተገናኘ አንድን ጽሑፍ በጋራ ሲሠራ አሳየ። «በኮምፒዩተር የተደገፈ የጋራ ሥራ» የሚለው የጥናት ዘርፍ ስም ያገኘው ግን አይሪን ግሪፍና ፖል ካሽማን እ.ኤ.አ. በ1984 በጠሩት ስብሰባ ነው፤ በ1986ም በዚሁ ስም ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ ጉባኤ ተደረገ።

ለክፍልዎ ተማሪዎች የምንመርጥልዎ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚያው በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተሠራው ኮላብ የተባለው የስብሰባ ክፍል ነው። ከሁለት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ በየኮምፒዩተራቸው ተቀምጠው ሐሳባቸውን በጋራ ያደራጁበት ነበር፤ ሶፍትዌሩም ሉፕስ በተባለ፣ ሊስፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ኦብጀክት ተኮር በሚያደርግ ማስፋፊያ ተጻፈ። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የመረጃውን ሙሉ ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ሰው ለአንድ ኦብጀክት የላከው መልእክት በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ ላሉት የዚያ ኦብጀክት ቅጂዎች ይሰራጫል። አንድ ሰው እያስተካከለ ያለው ነገር በሌሎቹ ስክሪን ላይ ደብዝዞ ስለሚታይ «ተይዟል» ማለት መሆኑን ያውቃሉ፤ የቀረውን ደግሞ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ በቃል ይስማሙበታል። ሰዎች በሚነጋገሩበት ክፍል ውስጥ ይህ ይበቃል፤ በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ መካከል ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ እኔና ባልደረባዬ የየወሩን ሪፖርት ረቂቅ በሁለት ኮምፒዩተር በጋራ እንጽፋለን። መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ሁለታችን የጻፍነው እንዴት ይታረቃል? ደግሞም እኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እርሱ በፈረንጆች መሥራት ይፈልጋል። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ከቀላሉ እንጀምር። ቀኑ በመረጃው ውስጥ በአንድ መልክ ብቻ ይቀመጥና ለእርስዎ ስክሪን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጳጉሜንንም ጨምሮ፣ ለባልደረባዎ ስክሪን ደግሞ በሌላው ተቀይሮ ይታያል። መረጃውን ከማሳያው መለየት የሚባለውን ይህን አሠራር ትሪግቬ ሬንስካውግ የተባለ ሌላ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል በእንግድነት ሳለ ቀርፆታል። ሁለት ሰዎች በጋራ ለመሥራት አንድ ዓይነት ገጽ ማየት የለባቸውም፤ አንድ ዓይነት መረጃ ላይ መሥራታቸው ይበቃል።

የጽሑፉ ነገር የበለጠ ይወሳሰባል። በረቂቁ ላይ «ስንዴ ገባ» የሚል አለ እንበል። እርስዎ ከመጀመሪያው ላይ «የመንዝ» የሚለውን ከነክፍተቱ ያስገባሉ፤ ባልደረባዎ በዚያው ጊዜ ከአራተኛው ቦታ በኋላ፣ ማለትም ከስንዴና ከክፍተቱ ቀጥሎ፣ «ዛሬ» የሚለውን ያስገባሉ። የእርሳቸው መልእክት «ከአራት በኋላ አስገባ» እንዳለ ወደ እርስዎ ኮምፒዩተር ቢደርስ አሁን የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት «የመንዝ» ስለሆኑ የሚወጣው «የመንዝዛሬ ስንዴ ገባ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ ግሮቭ ለተባለው የጋራ መጻፊያቸው ያቀረቡት መፍትሔ መልእክቱን ከመፈጸም በፊት ማስተካከል ነበር፤ የእርስዎ ቃል አምስት ቦታ ስለያዘ አራት የሚለው ወደ ዘጠኝ ይለወጥና «የመንዝ ስንዴ ዛሬ ገባ» ይሆናል። ቀላል ቢመስልም መልእክቶቹ ሲበዙ ስሌቱ አስቸጋሪ ነው፤ የመጀመሪያው ስሌት ራሱ በአንዳንድ አጋጣሚ ሁለቱን ቅጂዎች እንደሚያለያይ በኋላ ተደርሶበታል። የዛሬው ጉግል ዶክስም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ በስምና በሥርዓት ያደራጁት ሌላ መንገድም አለ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፊደል በተጻፈበት ቅጽበት የራሱን የማይለወጥ መለያ ያገኛል፤ ባልደረባዎም የሚልኩት «ከአራተኛው ቦታ በኋላ» ሳይሆን «ከዚህ መለያ ካለው ፊደል በኋላ» የሚል ነው። ቦታ ይለወጣል፣ መለያ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ ለቀናት ተለያይተው የጻፉ ሰዎች ጽሑፍ እንኳ ሲገናኝ ያለ ዋና ሰርቨር ይዋሐዳል። መስመር ለሚቆራረጥበት አካባቢ የምንመክረው ይህን ነው። ሁለቱም ዘዴዎች ግን ፊደላትን እንጂ ትርጉምን አያስታርቁም፤ እርስዎ 200 የሚለውን አጥፍተው 250፣ ባልደረባዎ ደግሞ 260 ቢጽፉ ሪፖርቱ ላይ 250260 ሊወጣ ይችላል። ቁጥሮችን በጽሑፉ ውስጥ ከመጻፍ ከመዝገቡ እንዲመጡ ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጋራ ፕሮግራም ተሠርቶልናል፤ አሠራሩም ደህና ነው። የመጋዘን ሠራተኞቻችን ግን መረጃ በጊዜው አያስገቡም፤ በወረቀት ከሠሩ በኋላ ሳምንት ቆይተው በአንድ ላይ ይሞሉታል። ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። ምን እናድርግ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ተጨማሪ ሥልጠና አይመስለንም። ጆናታን ግሩዲን እ.ኤ.አ. በ1988 የጋራ ሥራ ሶፍትዌሮች ለምን እንደሚከሽፉ ባቀረበው ጽሑፍ ካነሣቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ተጨማሪውን ሥራ የሚሠራው ሰውና ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው መለያየታቸው ነው። በእናንተም ቤት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተቀምጦ የሁሉንም መጋዘን ቀሪ ያያል፤ የመጋዘን ሠራተኛው ግን ደረሰኝ ጽፎ፣ ካርድ ሞልቶ፣ ያንኑ ሦስተኛ ጊዜ በኮምፒዩተር ይጽፋል። ለእርሱ ፕሮግራሙ ተጨማሪ ድካም ብቻ ነው፤ ማቆየቱም ስንፍና ሊባል አይገባውም።

ከላይ የጠቀስነው ክሪስተን ኒጎርድ ሲሙላን ከሠራ በኋላ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሠርቷል፤ ኮምፒዩተር ወደ ፋብሪካቸው ሲገባ ሠራተኞቹ ራሳቸው አጥንተው በአሠራሩ ላይ አስተያየት እንዲኖራቸው ለማድረግ ነበር። በስካንዲኔቪያ ተጠቃሚውን ከመነሻው በንድፍ ሥራ ውስጥ የሚያስገባው ልማድ ከዚያ ተነሥቷል።

እናንተ ጋ የምናየው መንገድ ይህ ነው። ደረሰኙ በኮምፒዩተር ተጽፎ ከዚያው ይታተም፤ ስቶክ ካርዱም ከመልእክቶቹ ይውጣ፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ የሚጽፈው አንድ ጊዜ ይሆናል። ለዚህ የሒሳብና የኦዲት ክፍላችሁ በጽሑፍ መስማማት ስላለባቸው ከፕሮግራመሩ በፊት ከእነርሱ ጋር ተነጋገሩ። ሠራተኛው ርክክብ ሲያደርግም በፈረሙት ሁለት ሰዎች ስም የተረጋገጠውን ቀሪ ከፕሮግራሙ አትሞ መያዝ ይቻለው፤ ጉድለት ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነውና፣ በእጁ ማስረጃ የሚሰጠውን መዝገብ በየዕለቱ የሚሞላበት ምክንያት ይኖረዋል።